የአራት ዙር የሐይቅ ዓሣ ማጥመድ ጉዞ፦ ዝዋይ ላይ የተሳካው መርሐ ግብር ጫሞ ላይ ለምን ከሸፈ

ከአዲስ አበባ እየተነሳ፣ ዓመቱን በአራት ዙር ከፍሎ ዓሣ ማጥመድ የሚወዱ ሰዎችን ወደ ሐይቆች የሚወስድ አንድ የጉዞ አዘጋጅ አለ። ክፍያው መጓጓዣን፣ የሁለት ሌሊት ማደሪያን፣ ጀልባን ከነነጂው፣ የማጥመጃ ዕቃንና አንድ መሪን ያጠቃልላል። መኪናውን፣ ማደሪያውንና ጀልባውን ራሱ ተከራይቶ ለሚሄድ ሰው ከሚያስወጣው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ጠቀም ያለ ጭማሪ አለው። አዘጋጁ ለጭማሪው የሚያቀርበው ምክንያት፣ የትኛው ሐይቅ በየትኛው ወር እንደሚያዋጣ እኛ እናውቃለንና የቀኑን ነገር ለእኛ ተዉት የሚል ነው። ስለዚህ አገልግሎቱን መመዘን የሚገባው በዚሁ ቃሉ ነው ብዬ አምናለሁ። ድርጅቱ በጥቂት ሰዎች የሚንቀሳቀስ ትንሽ ድርጅት በመሆኑና እዚህ የማነሳቸው ጉድለቶችም የእርሱ ብቻ ባለመሆናቸው በስም አልጠራውም።

ጉዞን በወቅት የመከፋፈሉ ሐሳብ በራሱ የሚደገፍ ነው። የእኛ ሐይቆች በረዶ አይጋግሩም፣ ዓሣውም ብርድ ፈርቶ ለወራት ከምግብ አይርቅም፤ በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው በማንኛውም ቅዳሜ ተነስቶ ቢሄድ ልዩነት የለውም ብሎ ያስባል። ነገር ግን ዝናቡ የወንዞቹን ደለል ወደ ሐይቅ ያስገባል፣ ንፋሱ ጥልቀት የሌለውን ውኃ ከሥሩ ያናውጣል፣ የመራቢያው ጊዜ ዓሣውን ከጥልቁ ወደ ዳር ወይም ከሐይቁ ወደ ወንዝ ያንቀሳቅሰዋል። በዚህ ላይ በእኛ አገር የሚታሰብ ሌላ አቆጣጠር አለ፤ እርሱም ጾም ነው። 55 ቀን በሚቆየው በዐቢይ ጾም ወራት የዓሣ ፈላጊው ቁጥር ስለሚጨምር፣ በየሐይቁ የሚዘረጋው መረብም በዚያው ልክ ይበዛል፤ በመንጠቆ ለሚያጠምድ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። አዘጋጁ ያወጣው መርሐ ግብር ጥቅምትን ለዝዋይ፣ ታኅሣሥን ለሐዋሳና ለላንጋኖ፣ ሚያዝያን ለጫሞ፣ ነሐሴን ደግሞ ለጣና የደለደለ ነው።

ከአራቱ ዙሮች እጅግ የተሳካው የዝዋይ ነው፤ የተሳካውም በአጋጣሚ አይደለም። ዝዋይ ወይም ደምበል ከባሕር ጠለል በላይ 1,636 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ እጅግ ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ ከ9 ሜትር ብዙም የማያልፍ፣ በአማካይ ግን ከሁለት ሰው ቁመት የማይበልጥ ሐይቅ ነው። በክረምት የመቂና የከታር ወንዞች አፈር የተሞላ ውኃ ይዘው ይገቡበታል። ጥቅምት ላይ ጎርፉ ጋብ ብሎ ሐይቁ ገና ሙሉ እንደሆነ ይቆያል፤ በዳርቻው ያለው ደንገልና ፊላም ግማሽ አካሉ በውኃ ውስጥ ነው። ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚመገበውም ሆነ የሚጠለለው በዚህ ሣር በበዛበት ዳርቻ ስለሆነ፣ ከባድ ዘንግ ይዞ ወደ መካከል መሄድ አያስፈልግም፤ ጀልባውን ከደንገሉ ጥቂት ሜትሮች ራቅ አድርጎ ማቆምና ቀጭን ክር መጣል ይበቃል።

መሪው ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ውኃው ላይ እንድንሆን ከማደሪያው በጨለማ አስነሳን፤ አንዳንዱ ተጓዥ ቢያጉረመርምም ምክንያቱ ከ6 ሰዓት በኋላ ግልጽ ሆነ፤ ንፋሱ ተነሳና ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ነጭ አረፋ ለበሰ። ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ላይ እንዲህ ያለው ንፋስ ጀልባን ማንገላታት ብቻ ሳይሆን የሥሩን ጭቃ አንስቶ ውኃውን ስለሚያደፈርሰው፣ ከሰዓት በኋላ የሚጣል መንጠቆ በአብዛኛው ባዶውን ይመለሳል። መሪው ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ለደሴቶቹ ጉብኝትም ሆነ ለሌላ አልመደበውም፤ ዓሣችንን ጠብሰን በዳጣ እንድንበላና እንድናርፍ አደረገ። የቱሉ ጉዶን ገዳም ማየት የሚፈልግ ሰው በጠዋት መሻገር ስላለበት ከማጥመዱ ወይም ከጉብኝቱ አንዱን መምረጥ ይኖርበታል፤ ይህን አስቀድመው ቢነግሩን ጥሩ ነበር።

በዚያ ጠዋት መንጠቆ የሚነካው ዓሣ ለጥቂት ጊዜ ጠፍቶ ሳለ፣ በአጠገባችን መረቡን ያወጣ አንድ የዘይ ተወላጅ አስጋሪ ከያዛቸው ቆሮሶዎች አንዷን አንስቶ አሳየን። አፏን በአውራ ጣቱ ከፈት ሲያደርገው ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ፣ ዓይናቸው ብቻ ጎልቶ የሚታይ ጫጩቶች በመዳፉ ላይ ፈሰሱ። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንም ጫጩቶቿንም በአፏ ይዛ ስለምታሳድግ፣ በዚያ ጊዜ መመገብ ታቆማለች ማለት ይቻላል፤ በመሆኑም ዳርቻው በዓሣ ተሞልቶ እያለ ለመንጠቆ የሚመጣ ላይገኝ ይችላል። አስጋሪው ዓሣዋንም ጫጩቶቹንም ወደ ውኃው መለሳቸው። መሪያችን ወዲያው ጀልባውን ከዚያ ቦታ አስነስቶ ወደ ሌላ ዳርቻ ወሰደንና ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ መያዝ ጀመርን። ከፍያለሁ የምለው ለእንዲህ ያለው ዕውቀት ነው፤ ለዚህ ዙር የወጣው ገንዘብ አይቆጭም።

የታኅሣሡ ዙር መካከለኛ ነው። ሐዋሳ መውጫ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ቢሆንም ውኃው ጨዋማ አይደለም፤ በበጋ ደግሞ ከዝዋይ ይልቅ የጠራ ነው። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ በማለዳ መውጣት እንደ ዝዋይ አያዋጣም፤ ፀሐይ ዳርቻውን ካሞቀች በኋላ፣ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ያለው ጊዜ ይሻላል። መሪው ግን የዝዋይን ሰዓት ሐዋሳ ላይ ደግሞት በብርድ አንቀጠቀጠን። አሞራ ገደል ላይ አስጋሪዎቹ የጠዋቱን ዓሣ ሲያወርዱ፣ አባ ኮዳዎቹና ፔሊካኖቹ ለትርፍራፊው ሲሻሙ ማየት ግን በራሱ የሚያስደስት በመሆኑ ጠዋቱ ሙሉ በሙሉ ባክኗል አልልም።

ላንጋኖ ላይ የታየው ችግር የዕቃ ችግር ነው። የላንጋኖ ውኃ በውስጡ በተንሳፈፈ ደቃቅ ሸክላ አፈር ምክንያት ዓመቱን ሙሉ ቡናማ ነው፤ ወቅት ጠብቆ የሚጠራ ውኃ አይደለም። በዚህ ውኃ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ሰው ሠራሽ ማባበያ መጣል ትርጉም የለውም፤ ዓሣው አያየውማ። የተሰጠን ሣጥን ግን ከዳር እስከ ዳር በእንዲህ ያሉ ማባበያዎች የተሞላ ነበር። የጀልባው ባለቤት አዝኖልን ይመስለኛል፣ ከቤቱ የተቆራረጠ ዓሣ አምጥቶ በትልቅ መንጠቆ ላይ አስሮ፣ በእርሳስ አክብዶ ወደ ሥሩ እንድንጥል አሳየን። አምባዛ ምግቡን በሽታና በጢሞቹ ዳሰሳ ስለሚያገኝ የውኃው ድፍርስነት አያግደውም፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከሁለት ጀልባ በላይ የሆንን ተጓዦች ሁላችንም የያዝነው በዚህ መንገድ ነው። ሐይቁን የሚያውቅ አዘጋጅ ይህን ከአዲስ አበባ ሲነሳ ሊያስብበት ይገባ ነበር።

የጫሞ ጉዞ ብዙዎች ለዚህ ፕሮግራም የሚመዘገቡበት ዋናው ምክንያት ነው፤ በአካባቢው ነጭ ዓሣ እየተባለ የሚጠራው ትልቁ የናይል ፐርች በዝዋይም ሆነ በሐዋሳ የለም፣ ጫሞ ላይ ግን አለ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ፣ አዞና ጉማሬ የበዛበት፣ ከፊሉም በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ የሚገኝ ነው። አዘጋጁ ይህን ጉዞ ከፋሲካ በኋላ፣ በሚያዝያ አጋማሽ ያደረገበትን ምክንያት በጽሑፍ ገልጾልናል፦ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ያለው የበጋ መጨረሻ ስለሆነ ውኃው ሞቃት፣ ዓሣውም ንቁ ነው ይላል። አዲስ አበባ ተቀምጦ ዝናብ የሚጠብቅ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይገርምም። አርባ ምንጭና አካባቢዋ ግን ዋናውን ዝናብ የሚያገኙት በክረምት አይደለም፤ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው፣ አነስ ያለው ዝናብ ደግሞ ከመስከረም በኋላ ይመጣል። ሚያዝያ እዚያ የዝናቡ መካከል ነው።

ውጤቱም ይህንኑ ተከተለ። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ኩልፎን ሞልቶት ስለነበር፣ ወንዙ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት አንሥቶ እጅግ ርቆ የሚሄድ ቀይ ቡናማ ውኃ ጀልባችን ከተነሳችበት ቦታ በግልጽ ይታይ ነበር። ነጭ ዓሣ በዓይኑ እያየ የሚያድን ዓሣ ነው፤ በዚህ ውኃ ውስጥ ማባበያው አጠገቡ ቢያልፍ እንኳ ላያገኘው ይችላል። ጀልባ ነጂው ትንሽ ከታገሠን በኋላ፣ «ጋሼ፣ ለአዲስ አበባ ክረምቱ ገና ነው፤ የእኛ ግን አሁን ነው። ከገና በኋላ ቢመጡ ኖሮ ውኃው ይጠራ ነበር፣ ንፋሱም በጠዋት አያስቸግርም» አለኝ። አዘጋጁ ይህን ሰው በየዓመቱ ይቀጥረዋል፤ ቀኑን ግን ጠይቆት አያውቅም።

ወሩ ጠቃሚ ሆኖ እንኳ ቢገኝ ወደ ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ የቆየው የጾም ገበያ ያሳደረው ጫና አለ። ጫሞ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ነጭ ዓሣ ይወጣበት የነበረ ሐይቅ መሆኑን የአካባቢው ሽማግሌዎች ሁሉ ይናገራሉ፤ ዛሬ በገበያ ላይ የሚታየው ግን በአብዛኛው ለመራባት ያልደረሰ ዓሣ ነው፤ ለዚህም የመረቡ መብዛትና የዓይኑ መጥበብ ዋነኛ ምክንያት ናቸው። ይህ በሚታይበት ሐይቅ ላይ፣ ለመዝናናት የመጣ ሰው የያዘውን ትንሽ ነጭ ዓሣ ፎቶ አንስቶ ወደ ውኃው እንዲመልስ መሪው ሊያሳስበው ይገባ ነበር። በእኛ ጀልባ የተያዙት ጥቂቶች ሁሉም ወደ ምጣድ ሄዱ። ለብለቡ ጣፋጭ እንደነበር አልክድም።

ነጭ ዓሣን ለመያዝ የሚመረጠው ሰዓት ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ጫሞ ላይ ግን የማታው ሰዓት ጉማሬዎቹ ወደ ዳር ለግጦሽ የሚወጡበት በመሆኑ ጀልባዎች ቀድመው መመለስ አለባቸው፤ ይህ ማለት በቀን አንድ ጥሩ ሰዓት ብቻ አለ ማለት ነው፤ እርሱም ጠዋት ነው። ሁለተኛውን ጠዋት ዝናብና ንፋስ ወሰዱት፤ ወደ ውኃው አልወጣንም። ጀልባ ነጂው ይህን በመወሰኑ ልክ ነበር፤ ማዕበል ባለበት አዞ የሞላበት ሐይቅ ላይ ለመዝናናት የሚወጣ ሰው የለም። ቅር ያሰኘኝ አዘጋጁ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው፦ ያልተጠቀምንበትን የጀልባ ኪራይ አልመለሰም፤ በምትኩ በሚቀጥለው ዙር ቅናሽ እንደሚያደርግ ቃል ገባ። በሌላ ዙር መሳተፍ ለማይፈልግ ወይም ለማይችል ሰው ቅናሹ ዋጋ የለውም። ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት በአየር ሁኔታ ምክንያት የሚቀር ቀን እንዴት እንደሚካስ በጽሑፍ ጠይቁ።

ደኅንነትን በተመለከተ ፍርዴ ድብልቅ ነው። የጫሞው ጀልባ ነጂ ማንም እጁን በጀልባው ጠርዝ አሻግሮ እንዳይታጠብ፣ ዓሣም በጠርዝ ላይ እንዳያጥብ አጥብቆ ከልክሎናል፤ ደጋግሞ ሲቆጣም መልካም አደረገ። ላይፍ ጃኬት በቁጥር ይበቃ ነበር፤ የሁለቱ ማሰሪያ ግን የተበጠሰ ነበር፤ ለልጅ የሚሆን መጠንም አልነበረም። ቤተሰብ ይዞ የሚሄድ ሰው የልጆቹን ጃኬት ከአዲስ አበባ ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል። ከዝናብ በኋላ ባሉት ወራት፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ በስምጥ ሸለቆው ወባ ስለሚበዛ የማደሪያው አጎበር ቀዳዳ እንደሌለው በዓይን ማየት ያስፈልጋል። ዝዋይ ዳርቻ ላይ ውኃ ውስጥ ገብቶ ማጥመድ ደግሞ ለቢልሃርዚያ ስለሚያጋልጥ ከጀልባ ላይ ሆኖ ማጥመዱ ተመራጭ ነው። አዘጋጁ በሚሰጠው ባለ ሦስት ገጽ መመሪያ ውስጥ ስለ ካሜራ ባትሪ ብዙ ተብሏል፤ ስለ እነዚህ ሁለት በሽታዎች ግን አንድ መስመር የለም።

የማጥመጃ ዕቃው በሁሉም ዙር አንድ ዓይነት ነው፤ ይህም የወቅትን ልዩነት እሸጣለሁ ከሚል አገልግሎት የሚጠበቅ አይደለም። ዘንጎቹ ለነጭ ዓሣ የሚሆኑ ወፍራሞች ናቸው፤ ሪሎቹ (የክር መጠቅለያዎቹ) በደንብ ይሠራሉ፣ ክሩ አዲስ ነው። ቆሮሶ ግን አፉ ትንሽ፣ ምግቡም በአብዛኛው በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ አልጌ ስለሆነ፣ ትንሽ መንጠቆ፣ ቀጭን ክር፣ ቀላል ተንሳፋፊና ትል ወይም የዱቄት ሊጥ ይፈልጋል። ዝዋይ ላይ የሠራንበት ትንሽ መንጠቆ የመሪው የግል ንብረት ነበር። ለቆሮሶ የሚሄድ ሰው የራሱን ትናንሽ መንጠቆዎችና ቀጭን ክር ይያዝ፤ ትሉን የአካባቢው ልጆች በቆርቆሮ ሞልተው ያቀርባሉ።

ለአራተኛው ዙር አልተመዘገብኩም፤ ምክንያቱን መግለጽ ግን ተገቢ ይመስለኛል። የነሐሴው የጣና ጉዞ ማስታወቂያ፣ ትላልቆቹ ነጭ ዓሣዎች በወንዝ አፍ ላይ ተሰብስበው በቀላሉ የሚያዙበት ወቅት ነው ይላል። (ጣና ላይ ነጭ ዓሣ የሚባለው ከጫሞው ፈጽሞ የተለየ ዘር ነው።) ማስታወቂያው የተናገረው ነገር እውነት ነው፤ ችግሩም ያ ነው። ከእነዚህ የጣና ዓሣዎች አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከጣና በቀር ሌላ ቦታ የሌሉ ዝርያዎች ሲሆኑ፣ በርካቶቹ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። በዚህ ጊዜ በወንዞቹ አፍ ላይ የሚዘረጋው መረብ ቁጥራቸውን ክፉኛ እንዳመናመነው በጣና ላይ የሠሩ ተመራማሪዎች ከብዙ ዓመታት ጀምሮ ሲያስጠነቅቁ ቆይተዋል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣውም ሀብቱ ሳይሟጠጥ በዘላቂነት እንዲያገለግል ነው። የሚራባን ዓሣ በመራቢያው በር ላይ ጠብቆ መያዝን እንደ ወቅታዊ መስህብ አድርጎ መሸጥ፣ መንጠቆው ከመረብ ያነሰ ጉዳት ያደርሳል በሚል ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ ዓሣዎቹ ወደ ሐይቁ ተመልሰው በሚመገቡበት ወቅት፣ መንገዱና የአካባቢው ሁኔታ ሲፈቅድ ቢዘጋጅ ግን ደስ ብሎኝ እከፍላለሁ።

አገልግሎቱን ለማን እንደምመክር ልናገር። ዓሣ አጥምዶ ለማያውቅና ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ጥሩ ጠዋት ማሳለፍ ለሚፈልግ ሰው የጥቅምቱ የዝዋይ ዙር ያለ ማመንታት የሚወሰድ ነው። የታኅሣሡን ዙር የሚፈልግ ሰው ሐዋሳ ላይ ዘግይቶ መውጣትን፣ ላንጋኖ ላይ ደግሞ የአምባዛ መኖን አስቀድሞ ይጠይቅ። ለጫሞ የሚቸኩል ሰው በሚያዝያ ከመመዝገብ ይልቅ በጥር ራሱ አርባ ምንጭ ደርሶ ከጀልባ ነጂዎቹ ጋር በቀጥታ ቢነጋገር ይሻለዋል፤ የጥምቀት ሰሞን ግን ማደሪያ ስለሚጠብ ቀኑን ከበዓሉ ማራቅ አለበት።

ቅሬታዬን ለአዘጋጁ በጽሑፍ አቅርቤ በትሕትና የተሞላ መልስ አግኝቻለሁ። በሚቀጥለው ዓመት መርሐ ግብሩ ላይ ጫሞ ወደ ጥር መጨረሻ ተዛውሯል፤ ከዕቃው ዝርዝር ላይም ትናንሽ መንጠቆዎች ተጨምረዋል። የጣናው ጉዞ ግን አሁንም ነሐሴ ላይ ነው።